ያረጁ ፋይሎችን ወደ ቴምፕሌት መቀየር፦ ሊብረኦፊስ በሱቄ

ጎንደር አራዳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለችኝ። የምንጽፈው የሚደጋገም ነው። የቤት ኪራይ ውል፣ ማመልከቻ፣ የዕድር ማስታወቂያ፣ ጥር ሲደርስ ደግሞ የሠርግ መጥሪያ። አብዛኛው ጽሕፈት ቤት የትናንቱን ውል ከፍቶ፣ ስሙን አጥፍቶ፣ የዛሬውን ይጽፍበታል። አንድ ቦታ ላይ የሌላ ተከራይ ስም ቢቀርስ? ውል ነው እኮ!

ለዚህ ነው ቴምፕሌት፣ ማለትም እየተቀዳ የሚሞላ ዝግጁ ቅጽ፣ የሚያስፈልገው፤ ለሥራውም ሊብረኦፊስ የተባለውን፣ እንደ ማይክሮሶፍት ኦፊስ ያለ ፕሮግራም እመክራለሁ። ነፃ ነው። በዎርድ የተሠራውን ውል ራይተር በሚባለው የሊብረኦፊስ መጻፊያ ላይ ትከፍታላችሁ። ስምና ብር በሚገባበት ቦታ «ፕሌስሆልደር» የሚባለውን የሚሞላ ቦታ ጠቋሚ ታስገባላችሁ። ከዚያ ፋይል፣ ቴምፕሌትስ፣ ሴቭ አዝ ቴምፕሌት። በቃ። ሌላ ቀን ስትከፍቱት አዲስ ወረቀት ይሰጣችኋል፤ ዋናው አይነካም። የተጠቆመውን ቦታ ጠቅ አድርጎ መጻፍ ብቻ ነው።

ብዙ የዎርድ ፋይል ላለው ሰው «ዶክዩመንት ኮንቨርተር» አለ፤ ፎልደሩን ሙሉ ባንዴ ወደ ሊብረኦፊስ ፎርማት ይቀይራል። ግን ተራ ዶክዩመንትን ቴምፕሌት አያደርግም። የትኛው ቴምፕሌት ይሁን የሚለውን እናንተ ትመርጣላችሁ። ቢሆንም ጥሩ ነው፤ የማይረባውን ለመጣል ዕድል ይሰጣል።

ዋናው ፈተና ፊደሉ ነው። አንድ የዕድር ጸሐፊ የመተዳደሪያ ደንባቸውን በፍላሽ ይዘው መጡ። ከፈትኩት፤ ገጹ ሙሉ የላቲን ዝብርቅርቅ።

«ልጄ፣ ፊደሉ የት ሄደ?» አሉኝ።

«አልጠፋም ጋሼ፣ ቪዥዋል ግዕዝ በሚባል የድሮ ፎንት የተጻፈ ነው» አልኳቸው።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ የሚጋራው የፊደላት መለያ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፎንቱን ብትጭኑት ጽሑፉ ይነበባል። ግን ስልክ ላይ አይነበብም፣ ቃል ፈልጋችሁም አታገኙበትም። እንዲህ ያለውን ፋይል ቴምፕሌት ማድረግ ችግሩን ማባዛት ነው። ሊብረኦፊስም ይሄን በራሱ አያስተካክልም። የጋሼን ደንብ በዩኒኮድ እንደገና ጻፍነው፤ ፎንቱን አቢሲኒካ አደረግነው። የስብሰባ ጥሪያቸውንም ቴምፕሌት ሠራንላቸው። አሁን ጥሪውን በቴሌግራም ይልኩታል፣ አባላቱ በየስልካቸው ያነቡታል። ደስ ያለኝ ሥራ ነው።

በፐብሊሸር (የማይክሮሶፍት የኅትመት ማዘጋጃ ፕሮግራም) የተሠራ የሠርግ መጥሪያ ላይ ግን ብዙ አትጠብቁ። የሚከፈተው ራይተር ላይ ሳይሆን «ድሮው» (Draw) በሚባለው የሊብረኦፊስ የሥዕል ፕሮግራም ላይ ነው። መስመሩ ይንሸራተታል፣ ጌጡ ቦታ ይለቃል። ጽሑፉንና ሥዕሉን አውጥቼ ራይተር ላይ አዲስ መሥራት ይቀለኛል። የተጋባዦችን ስም ካልክ በሚባለው የሊብረኦፊስ ሠንጠረዥ ላይ ከዘረዘርኩ በኋላ «ሜይል መርጅ» በየመጥሪያው ላይ ያስገባልኛል። ይሄ በጥር ወር ትልቅ እፎይታ ነው። ማይክሮሶፍት ከኦክቶበር 2026 በኋላ ለፐብሊሸር ድጋፍ እንደሚያቆም አስታውቋል። ስለዚህ የድሮ መጥሪያ ያላችሁ ከአሁኑ አውጡት።

ፋይሉን ለደንበኛ በፍላሽ ስትሰጡ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብታችሁ ፎንቱ አብሮ እንዲቀመጥ ምልክት አድርጉ። ደንበኛው ዎርድ የሚጠቀም ከሆነ ደግሞ አንድ ቅጂ በዎርድ ፎርማት ጨምሩለት።