የ30 ዶላሩ የውሻ «የመኪና ደህንነት» ስብስብ፦ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

በኦንላይን ሱቆችና በቴሌግራም ቻናሎች አንድ ዓይነት ስብስብ በብዙ ስም ይሸጣል። ሃርነስ (ውሻው ደረቱ ላይ የሚለብሰው ማሰሪያ)፣ እሱን ከመኪናው ቀበቶ ጋር የሚያያይዝ ማሰሪያ፣ የኋላ ወንበር ላይ የሚዘረጋ ጨርቅ፣ መስኮት ላይ የሚንጠለጠል የሶላር ማራገቢያ፣ አንዳንዴም «ማረጋጊያ ጠብታ» ተጨምሮ በአንድ ካርቶን ይመጣል። ፎቶው ላይ «ክራሽ ቴስትድ» (በግጭት ሙከራ የተፈተነ) የሚል ማኅተም አለበት። አትግዙት። ወንበሩን ከፀጉርና ከጭቃ ከሚጠብቀው ጨርቅ በቀር ውስጡ ያለው ዕቃ በግጭት ጊዜ ውሻችሁንም እናንተንም አያድንም።

መጀመሪያ ስለ ማኅተሙ። አሜሪካ ውስጥ የሕፃናት የመኪና ወንበር ማሟላት ያለበት የመንግሥት ደረጃ አለ፤ ለውሻ ሃርነስ ግን የለም። ስለዚህ ማንም ሻጭ ማኅተሙን ራሱ አሳትሞ መለጠፍ ይችላል። ጉዳዩን በገለልተኝነት የሚመረምረው በ2011 የተቋቋመው ሴንተር ፎር ፔት ሴፍቲ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ነው። በ2013 ከመኪና አምራቹ ሱባሩ ጋር ሆኖ በገበያ ላይ የነበሩ ሃርነሶችን 11፣ 20 እና 34 ኪሎ ገደማ በሚመዝኑ የውሻ አሻንጉሊቶች ላይ አድርጎ ፈተነ። ፍጥነቱ የሕፃናት ወንበር የሚፈተንበት፣ በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ነበር። አንዳንዶቹ ተበጥሰው አሻንጉሊቱን ለቀቁት። በሁሉም ሙከራ ውሻውን ወንበሩ ላይ ያቆየው ስሊፒፖድ ክሊክኢት ዩቲሊቲ የተባለው ብቻ ሆነ።

ሻጩን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት፦ የትኛው ላቦራቶሪ ፈተነው? በምን ፍጥነት? በስንት ኪሎ አሻንጉሊት? ቪዲዮውስ የት አለ? ብዙውን ጊዜ የሚመጣው መልስ «እስከ 300 ኪሎ ይችላል» የሚል ነው። ያ ማሰሪያውን ቀስ ብሎ በመሳብ የተገኘ ቁጥር እንጂ የግጭት ሙከራ ውጤት አይደለም። ደግሞም «ተፈትኗል» የሚል ሻጭ ማለፉን አልተናገረም፤ ወድቆም ተፈትኗል ሊል ይችላል።

300 ኪሎ ብዙ ይመስላል፤ ሂሳቡን ስትሠሩት ግን አይበቃም። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ግማሽ ሜትር ርቀት ውስጥ እንዲቆም ከተደረገ ማሰሪያው ላይ የሚያርፈው ጫና በአማካይ 360 ኪሎ ገደማ ነው። ይህ ማሰሪያው ከመጀመሪያው ተወጥሮ ከመኪናው ጋር አብሮ ሲያቆመው ነው። ማሰሪያው ላላ ካለ ግን መኪናው ቆሞ ውሻው በዚያው ፍጥነት ይበራል፤ ማሰሪያው ሲያልቅ በድንገት ይያዛል። መቆሚያው 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ ጫናው ወደ 1,800 ኪሎ ይደርሳል። የሚበጠሰው ለዚህ ነው፤ ባይበጠስም የውሻው ደረትና አከርካሪ አይችለውም።

ስብስቡ ውስጥ ያለው ማሰሪያ ደግሞ ረዥም ሆኖ የተሠራ ነው፤ ውሻው እንደልቡ ይንቀሳቀስ ተብሎ። ላስቲክ ያለበት፣ የሚረዝምና የሚያጥር፣ ወይም ከግራ ወደ ቀኝ በተዘረጋ ገመድ ላይ የሚንሸራተት ሁሉ አንድ ነው፤ ውሻው የፊት ወንበሩን ጀርባ እስኪመታ ድረስ መንገድ ይሰጠዋል። ከወንበሩ የራስ መደገፊያ ጋር የሚታሰረውም የማይሆን ነው፤ መደገፊያው የሰው ጭንቅላት ሊይዝ እንጂ ክብደት ሊያስር አልተሠራም።

መንጠቆውን እዩት። ለተራራ መውጫ የተሠራ ካራቢነር ጎኑ ላይ 20 ኪሎኒውተንና ከዚያ በላይ የሚል ጽሑፍ ተቀርጾበታል፤ ያ ወደ 2,000 ኪሎ ነው። የስብስቡ መንጠቆ ላይ ብዙ ጊዜ ምንም ጽሑፍ የለም። የሃርነሱ መቆለፊያዎች ፕላስቲክ ከሆኑና ማሰሪያው የሚያያዝበት ቀለበት በአንድ መስመር ስፌት ብቻ ከተያዘ ለእግር ጉዞ ተጠቀሙበት፣ ለመኪና ግን አይሆንም። ቀበቶው ሶኬት ውስጥ የሚገባው ምላስም ለሁሉም መኪና አይገጥምም፤ ቢገጥምም ውሻው በእግሩ ቀዩን ቁልፍ ረግጦ ሊፈታው ይችላል። ከአንገት ማሰሪያ ጋር ማያያዝ ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ ጠንካራ ፍሬን ብቻ አንገቱን ሊጎዳው ይችላል።

ማራገቢያው ሌላ አደጋ ነው፣ ምክንያቱም ሰዎች በእሱ ተማምነው ውሻቸውን ቆልፈው ይሄዳሉ። ውጪው 21 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን የተዘጋ መኪና ውስጥ በ10 ደቂቃ 32፣ በግማሽ ሰዓት 40 ዲግሪ ይደርሳል። መስኮት ትንሽ ከፍቶ መተው ይህን ብዙም አይቀይረውም። በጣት የምትቆም ማራገቢያ አየር ታንቀሳቅሳለች እንጂ አታቀዘቅዝም። የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ ነው ብላችሁም አትዘናጉ፤ 21 ዲግሪ እኮ የአዲስ አበባ ተራ ቀን ነው። ጠብታውን ደግሞ ይዘቱ ካልተጻፈበት ጣሉት። መኪና የሚያቅለሸልሸው ውሻ ካላችሁ የእንስሳት ሐኪም የሚያዝለት መድኃኒት አለ፤ ከመንገድ በፊት ለጥቂት ሰዓታት ምግብ አለመስጠትም ይረዳል።

ምን ትግዙ? ሃርነስ ከሆነ ሴንተር ፎር ፔት ሴፍቲ ያረጋገጣቸውን ዝርዝር ድረ ገጹ ላይ ተመልከቱ፤ የሞዴሉ ስምና መጠኑ ሳይቀር መግጠም አለበት፣ የአንድ ኩባንያ አንድ ሞዴል አልፎ ሌላው ላያልፍ ይችላልና። ዋጋው ከስብስቡ በብዙ ይበልጣል። ከማዘዛችሁ በፊት ከፊት እግሮቹ ኋላ ያለውን የደረት ዙሪያ በሜትር ለኩ። ስታለብሱት በማሰሪያውና በቆዳው መካከል ሁለት ጣት ብቻ ይግባ። ቀበቶው በራሱ በሃርነሱ ውስጥ የሚያልፍበትን አሠራር ምረጡ፤ ተጨማሪ ማሰሪያ ከሌለ የሚላላ ነገርም የለም። ቦታው የኋላ ወንበር ነው፤ የፊት ኤርባግ ለውሻ አልተሠራም።

ገንዘቡ ከሌላችሁ፣ ትንሽ ውሻ ወይም ድመት በጠንካራ ሳጥን ውስጥ ከፊት ወንበሩ ኋላ፣ እግር ማስቀመጫው ወለል ላይ ተጠግቶ ይቀመጥ። ለትልቅ ውሻ ሳጥኑን ከኋላ ወንበሩ ጀርባ፣ የዕቃ መጫኛው ውስጥ አግድም አስጠግታችሁ እሰሩት። በተለይ የጨርቅ መያዣን ወንበር ላይ አስቀምጦ የመኪና ቀበቶ ዙሪያውን ማሰር ጥሩ ይመስላል፣ ግን መያዣው ለዚያ ካልተፈተነ በግጭት ጊዜ ቀበቶው ራሱ ጨፍልቆ ይደፍጥጠዋል።

ስብስቡን አስቀድማችሁ ከገዛችሁ ማሸጊያውን አትጣሉ። የማኅተሙንና የማስታወቂያውን ስክሪንሾት ያዙ፣ ሻጩን የፈተናውን ማስረጃ በጽሑፍ ጠይቁት፣ ካላመጣ ያለ ማስረጃ ተፈትኗል ብሎ እንደሸጠ ጠቅሳችሁ ለመሸጫው መድረክ ወይም በካርድ ከሆነ ለባንካችሁ አመልክቱ። አዲስ አበባ ላይ ግን ደረሰኙ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» እያለ ስለሚመጣ በቴሌብር አስቀድማችሁ አትላኩ፤ ዕቃው መጥቶ ስፌቱንና መንጠቆውን ካያችሁ በኋላ ክፈሉ። ያገለገለ ሃርነስ በርካሽ ሲቀርብላችሁም ተዉት። አንድ ጊዜ ግጭት የደረሰበት ሃርነስ ክሩ ውስጥ ለውስጥ ተጎድቶ ከላይ አዲስ ሊመስል ይችላል።