ሲያትል ጃፓኒዝ ጋርደን፦ የአበባ ስም የተማርኩበት ቦታ

ችግኝ መሸጫ ሥራ ስጀምር በስም የማውቃቸው አበቦች ሁለት ነበሩ፤ ጽጌረዳና አደይ። ሌላው በሙሉ «አበባ» ነው። እናቴ ብትሆን ግራዋውን፣ ሰንሰሉን፣ ቀጠጥናውን ከነመድኃኒትነቱ ትዘረዝርላችኋለች። እኔ ግን የመርካቶ ልጅ ነኝ። እዚያ የሚበቅለው ሱቅ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሽማግሌ መጡ። ጓሯቸውን የጃፓን ዓይነት አትክልት ቦታ ሊያደርጉት ነው። ቀርከሃ ፈለጉ። እኔም በእንግሊዝኛ «የሰማይ ቀርከሃ» የሚል የተጻፈበት ፖት አየሁና አሸከምኳቸው። በማግስቱ ይዘውት ተመለሱ። ለካ ስሙ ነው እንጂ ቀርከሃ አይደለም! ጃፓኖች ናንተን የሚሉት፣ በብርዱ ወራት ቀይ ፍሬ የሚያንጠለጥል ቁጥቋጦ ነው። ናንተን የሚለው ቃል «ችግርን መመለስ» ከሚለው አባባላቸው ጋር ስለሚመሳሰል ቤት አጠገብ ይተክሉታል። ለእኔ ግን ችግሩን ይዞልኝ መጣ። አለቃዬ ሳቀና «ሂጂና እያየሽ ተማሪ» አለኝ።

የሄድኩት ሲያትል ጃፓኒዝ ጋርደን ነው፤ አሜሪካ ሲያትል ከተማ፣ ዋሽንግተን ፓርክ አርቦሬተም የሚባለው የዛፎች መናፈሻ ውስጥ። በ1960 የተከፈተ ነው፤ ንድፉ የጃፓናዊው የአትክልት ቦታ ነዳፊ የጁኪ ኢዳ ነው። ስፋቱ 3.5 ኤከር ብቻ። ለፎቶ ብቻ የሚሄድ ሰው በ20 ደቂቃ ዞሮት ይወጣል። በተከፈተበት ዓመት ያኔ የጃፓን አልጋ ወራሽ የነበሩት አኪሂቶ ከባለቤታቸው ከሚቺኮ ጋር መጥተው ዛፍ ተክለውበታል፤ እሳቸው ቼሪ፣ እሷ ነጭ በርች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ኢትዮጵያም ሄደዋል። ይህን ሳውቅ ቦታው ትንሽ ዘመዴ መሰለኝ።

መጀመሪያ የሄድኩት ማርች ላይ፣ ጽባኪ ሲያብብ ነው። ካሜሊያ የምንለው ማለት ነው። የሻይ ቅጠላችን የአክስት ልጅ ነው፤ ቅጠሉን ጠጋ ብላችሁ እዩት፣ ያው ጠንካራና የሚያብለጨልጭ። ጽባኪ ሲረግፍ አበባው ሳይበታተን ሙሉውን ዱብ ይላል። ሳሙራዮች የተቆረጠ አንገት እያስታወሳቸው አይወዱትም ነበር ይባላል። ሳዛንካ የሚባለው ወንድሙ ግን አበባው ቅጠል በቅጠል ነው የሚረግፈው። አሁን ደንበኛ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ መሬቱን አያለሁ።

ሜፕል የሚባለውን ዛፍ ካኤዴ ይሉታል። ቃሉ የመጣው «የእንቁራሪት እጅ» ከሚል ነው። ቅጠሉን ካያችሁ በኋላ ስሙ አይረሳም።

ዋናው ፈተና ግን አይሪስ የሚባለው አበባ ነው። ስልኬ ላይ የጫንኩት አንድ አፕ ሁሉንም «አይሪስ» ብሎኝ ዐረፈው። ጃፓኖች ግን ሦስት ስም አላቸው፦ አያሜ፣ ካኪፁባታ፣ ሃናሾቡ። እነሱም ቢሆኑ ይምታታባቸዋል መሰለኝ፣ ሁለት ቆንጆ ነገር ለመምረጥ ሲቸገሩ «የቱ አያሜ፣ የቱ ካኪፁባታ» የሚል አባባል አላቸው።

ያስተማሩኝ በበጎ ፈቃድ የሚያስጎበኙ አንዲት እናት ናቸው። ኩሬው ዳር ቁጢጥ አስባሉኝ። «ወደ ታች የተንጠለጠለው የአበባው ቅጠል ሥሩ ላይ ምን ይታይሻል?» አሉኝ። ወይን ጠጁ መሀል ላይ ቀጭን ነጭ መስመር አለ፤ በጥፍር የተጫረ ይመስላል። ያ ካኪፁባታ ነው፤ እግሩን ውሃ ውስጥ መንከር ይወዳል። መስመሩ ቢጫ ከሆነ ሃናሾቡ ነው። እሱ ጁን ላይ ነው የሚመጣው፤ አረንጓዴ ቅጠሉን በጣታችሁ ብትዳስሱት መሀሉ ላይ ጎበጥ ያለ አጥንት አለው። አያሜ ደግሞ መስመር ሳይሆን መረብ የመሰለ ጌጥ አለው፤ ደረቅ ያለ መሬት ነው የሚመቸው። በቃ! አንድ ዓመት ሙሉ ስልኬ ያልነገረኝን በአምስት ደቂቃ ጨረስኩት።

እንግዲህ ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ከማርች እስከ ኖቬምበር ነው የሚከፈተው፤ ሰኞ ዝግ ነው። አንድ ጊዜ ሄዶ መጨረስ አይቻልም፤ ጽባኪውን ያየ ሃናሾቡን አያይም። ደብተር ያዙ። ልጆች ካሏችሁ ኩሬው ውስጥ ትልልቅ ኮይ ዓሦች አሉ፤ እናንተ ስም ስትጽፉ እነሱ ዓሣ ያያሉ። ከእኔ አምስት ኮከብ።

ሽማግሌው ባለፈው ወር ተመልሰው መጡ። አያሜ አለሽ ወይ አሉኝ። የት ሊተክሉት ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። ኩሬ ውስጥ፣ ዳር ዳሩን አሉ። «እንግዲያውስ ለእርስዎ የሚሆነው ካኪፁባታ ነው» አልኳቸው። በመነጽራቸው በላይ ትንሽ አዩኝና ሁለት ፖት ይዘው ሄዱ። እስካሁን አልመለሱትም።