ከዚራ ያለው የአልትራሳውንድ ክፍል፦ ከማየቷ በፊት የጠየቀችኝ ሐኪም

የግራ ጡቴ ላይ ካንሰር ተገኝቶ ህንድ ሄጄ ታክሜያለሁ። ጡቱ አልተቆረጠም። እብጠቱ ወጣ፣ ከዚያ ጨረር ወሰድኩ። ቁስሉ ሲድን ቦታው ጎደጎደ። በዓመቱ ከሆዴ ስብ በቀጭን ቱቦ ስበው፣ አጣርተው፣ በጥቂት በጥቂቱ እየወጉ ሞሉልኝ። ደስ ብሎኝ ድሬ ተመለስኩ።

ከስምንት ወር በኋላ ገላዬን ስታጠብ ሽምብራ የሚያክል ጠጣር ነገር እጄ ላይ መጣ። እዚያው ጠባሳው አጠገብ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ ማንም ምንም አልጠየቀኝም። መርማሪው ማሽኑን አሳረፈና አነሳ። «ካንሰሩ ተመልሶ ሊሆን ይችላል» የሚል ወረቀት ይዤ ወጣሁ። ለዘጠኝ ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለውን የአልትራሳውንድ ክፍል የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት። እዚህ ሐኪሟ ጄሉን ከመቀባቷ በፊት ሆዴ ላይ ያሉትን ትንንሽ ጠባሳዎች አየች። «አንቺ፣ ስብ ተሞልቶልሻል እንዴ?» አለችኝ። ድሬ ነው፣ አንቱታ የለም፤ እህቴ ያናገረችኝ ያህል ቀለለኝ። የያዝኩት ወረቀት ላይ የተጻፈው «የጡት እብጠት» ብቻ ነበር። መቼ ተሞላ፣ ስንት ጊዜ፣ ጨረሩ ከዚያ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ ሁሉንም ጠይቃ ጻፈች።

ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ድቡልቡል ጥቁር ነገር ይታያል። በእጀታው ጫን ስታደርገው ጠፍጠፍ ይላል፣ ስትለቀው ይመለሳል። የደም ዝውውሩን በቀለም የሚያሳየውን ከፈተች። ዙሪያው ቀይና ሰማያዊ ብልጭ ይላል፣ መሃሉ ባዶ ነው።

«የተወጋ ስብ ሁሉ አይዝም» አለችኝ። ደም ያልደረሰው ይሞታል። የሞተው ቀልጦ ዘይት ይቋጥራል። ቆይቶ ዙሪያው ላይ ካልሲየም ይከማቻል፣ ሲነካ ጠጣር የሚሆነውም ለዚህ ነው። የአሜሪካ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1987 ስብን ለጡት አትጠቀሙ ያለው ይኸው ካልሲየም ካንሰርን ይሸፍናል በሚል ስጋት እንደነበር፣ በ2009 ግን አቋሙን እንዳለዘበ ነገረችኝ። ይህን ሁሉ ለማስረዳት ጊዜ ሰጥታኛለች። ውጭ ወረፋው ረጅም ነበር።

በአልትራሳውንድ ብቻ ግን አልጨረሰችም። ለማሞግራም፣ ማለትም ለጡት ራጅ፣ አዲስ አበባ ላከችኝ። «ዲዮድራንት ተቀብተሽ እንዳትሄጂ፣ ውስጡ ያለው አሉሚኒየም ፎቶው ላይ ካልሲየም ይመስላል» አለች። የህንዱን የድሮ ፎቶ በሲዲ ይዤ ሄድኩ፤ እሱም ጎን ለጎን ታየ። አዲሱ ፎቶ ላይ እብጠቱ መሃሉ ጠቆር ብሎ ዙሪያው እንደ እንቁላል ቅርፊት ስስ ነጭ መስመር ነው። ውጤቱ ባይራድስ በሚባለው የጡት ምርመራ ደረጃ 2 ነው፣ ማለትም ጉዳት የሌለው። 3 ቢሆን ኖሮ ከስድስት ወር በኋላ ዳግም መታየት፣ 4 ቢሆን ናሙና መውሰድ እንደነበረ የከዚራዋ ሐኪም አስረድታኛለች። «ካደገ ወይም ቆዳሽን ከሳበው ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ያኔውኑ ነይ» ብላኛለች።

የአልትራሳውንዱ ዋጋ 1,200 ብር ነበር፣ ለተሰጠኝ ጊዜ አይበዛም። ቅር ያለኝን ልናገር። ወረፋ የሚጠበቀው ደጅ አግዳሚ ላይ ነው፣ ቬንትሌተር እንኳ የለም። ከጠዋቱ ሁለት እስከ አምስት ተኩል ተቀምጫለሁ፤ ኬሞ ላይ ላለች ሴት ይህ በጣም ከባድ ነው። ምስሉን በሲዲ አይሰጡም። የሚሰጡት ትንሿን የማሽን ወረቀት ነው፣ በድሬ ሙቀት ቦርሳ ውስጥ ደግሞ ወዲያው ትደበዝዛለች። እኔ ደጁን ሳልወጣ በሞባይል ፎቶ አነሳኋት። ከድሮው ጋር ሳይተያይ የእኛ ዓይነት ጡት አይነበብምና ይህን ቢያስተካክሉልን እለምናለሁ።

ቀጣይ ቀጠሮዬ ጥር ላይ ነው። የህንዱን ሲዲ፣ የአዲስ አበባውን ፎቶና ስቡ የተሞላበትን ቀን የጻፍኩበትን ወረቀት በአንድ ፌስታል አስሬ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጫለሁ። «እነዚህን ሳትይዢ እንዳትመጪ» ብላኛለች።