ለአሮጌው የኢሜይል ፕሮግራም በነጻ ለደከማችሁ ሁሉ፣ እጃችሁ ይባረክ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። የማመሰግናቸው ሰዎች አያውቁኝም፤ እኔም አንዳቸውንም በአካል አላውቅም። አውትሉክ ኤክስፕረስ ለተባለው የድሮ የኢሜይል ፕሮግራም፣ ከፋይም አዛዥም ሳይኖራቸው፣ ትንንሽ አጋዥ መሣሪያዎችን ሠርተው ለፈለገው ሁሉ በነጻ ያስቀመጡ ናቸው። ፕሮግራሙ ከገበያ ከወጣ ብዙ ዓመት ቢሆነውም የእነርሱ ሥራ ዛሬም የሰው ደብዳቤ ያተርፋል። የአክስቴን ደብዳቤዎች አትርፏል። ስለዚህ ምስጋናዬን በአደባባይ ላድርስ፤ በዚያውም የትኛው መሣሪያ ለምን እንደሚበጅ ልጠቁም፤ አሮጌ ኮምፒውተር ወይም አሮጌ ዲስክ በቤቱ ያለ ሰው ይጠቀምበታልና።

ፕሮግራሙን ለማያስታውስ፦ አውትሉክ ኤክስፕረስ እ.ኤ.አ. በ1997 ከኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 4 ጋር የወጣ፣ በኋላም ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣ የነበረ ነው። በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ የያዘው 6ኛው ዕትም የመጨረሻው ሆነ፤ ቀጣዩ ዊንዶውስ ከሆነው ከቪስታ ጀምሮ ቦታውን ለሌላ ፕሮግራም ለቀቀ። በማይክሮሶፍት ኦፊስ ውስጥ ካለው አውትሉክ ጋር ስም ይጋራል እንጂ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። የኦፊሱ አውትሉክ ደብዳቤዎቹን የሚያስቀምጠው ፒኤስቲ በሚባል ፋይል ነው፤ የኤክስፕረሱ ፋይል ግን ዲቢኤክስ ይባላል። ለአንዱ የተሠራውን መሣሪያ ለሌላው ብታወርዱ ትደክማላችሁ እንጂ አንድ ደብዳቤ አታወጡም።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ዲቢኤክስ ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ የምታዩት እያንዳንዱ ፎልደር በዲስኩ ላይ አንድ ፋይል ነው፤ የኢንቦክሱ ሁሉ በአንድ፣ የተላከው ሁሉ በሌላ። በፋይሉ ውስጥ ደብዳቤው ከላይ እስከ ታች በተከታታይ አልተጻፈም። 512 ባይት በሚሆኑ ቁርጥራጮች ተከፋፍሎ፣ በየቁራጩ ራስጌ ላይ ቀጣዩ የት እንዳለ ተመልክቶ፣ እንደ መቁጠሪያ በክር የተያያዘ ነው። ክሩ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ፍሬዎቹ እዚያው ናቸው፤ ፕሮግራሙ ግን ተከትሎ ሊያገኛቸው አይችልም። አንድ ዲቢኤክስ ፋይል ደግሞ ከ2 ጊጋባይት ማለፍ አይችልም። ሁለት ጊጋባይት ለጽሑፍ ብዙ ነው፤ ለፎቶግራፍ ግን አይደለም። በኢሜይል የሚላክ አባሪ ወደ ፊደልና ቁጥር ተቀይሮ ስለሚጓዝ መጠኑ ከመጀመሪያው በሲሶ ገደማ ይጨምራልና ኢንቦክሱ ሳይታወቅ ይሞላል። የተሰረዘ ደብዳቤም ወዲያው ቦታ አይለቅም፤ ፕሮግራሙ ፋይሉን አጥብቆ እስኪያስተካክል ድረስ እዚያው ይቆያል። ይህ የማጥበቅ ሥራ መሃል ላይ ከተቋረጠ ፎልደሩ ባዶ ሆኖ ሊከፈት ይችላል።

በአክስቴ የደረሰው ይኸው ነው። ከሥራ ባልደረቦቻቸውና ከወዳጆቻቸው ጋር ለዓመታት የተጻጻፉት በዚህ ፕሮግራም ነበር። ማጥበቁ ሳያልቅ ኮምፒውተሩ ጠፋ፤ ተመልሶ ሲነሳ ኢንቦክሱ ውስጥ አንድም ደብዳቤ አልነበረም። ያሳዩት ባለሙያ «ጠፍቷል፣ አዲስ ይጀምሩ» ብሎ መለሳቸው። እኔ ዘንድ ሲመጡ ተስፋ የሰጠኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፎልደሩ ባዶ ነው ቢባልም ፋይሉ በዲስኩ ላይ ያው እንደ ቀድሞው ግዙፍ ነው። አክስቴ «ሁሉንም ማውጣት ካልሆነልህ ተወው፤ የእሷን ብቻ ፈልግልኝ» አሉኝ። «እሷ» ያሏት አሁን በሕይወት የሌለች ጓደኛቸው ናት።

እዚህ ላይ ነው አንዲቢኤክስ የደረሰልኝ። ዋናው ምስጋናዬም ለዚህ መሣሪያ ሠሪ ነው። ሥራው አንድ ነው፤ ዲቢኤክሱን ከፍቶ እያንዳንዱን ደብዳቤ ኢኤምኤል በሚባል የተለየ ፋይል ያወጣል። ኢኤምኤል ማለት ደብዳቤው በኢንተርኔት የተጓዘበት ያልተነካ ጽሑፍ ነው፤ ማንኛውም የጽሑፍ ማረሚያ ይከፍተዋል፣ አብዛኛው የኢሜይል ፕሮግራምም ያነበዋል። ለወጡት ፋይሎች ስም የሚያወጣው ከላኪው፣ ከተቀባዩና ከርዕሱ ነው። ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ያሰበበትን ሰው ግን ደጋግሜ አመሰግነዋለሁ። የሟቿን ስም በፎልደሩ መፈለጊያ ላይ ስጽፍ ደብዳቤዎቿ አንድ ላይ ተሰልፈው መጡ።

ጤነኛ ፋይል ከሆነ መሣሪያው ክሩን ተከትሎ ያወጣል። ለተበላሸ ፋይል ደግሞ የማዳኛ አሠራር አለው። በዚህ ጊዜ ማውጫውን አያምንም፤ ፋይሉን ከዳር እስከ ዳር እያሰሰ የደብዳቤ ቁራጮችን ለቅሞ ይገጣጥማል። የተሰረዙትንም ከፊል በከፊል ያገኛል። ሁሉም ሙሉ ሆኖ አልወጣም፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። አንዳንዱ ደብዳቤ መሃሉ ጎድሏል፤ አንድ ፎቶግራፍም ሲከፈት ከላይ ሁለት ሴቶች ቆመው ይታያሉ፣ ከወገባቸው በታች ግን ምስሉ ግራጫ ነው። አክስቴ ግን ያንኑ አሳትመው ያዙት። የመሣሪያው መነሻ ጽሑፍ (ኮዱ) ለሁሉም ክፍት ነው፤ ሶርስፎርጅ በተባለው የነጻ ፕሮግራሞች ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። በዋናነት የሚታዘዘው ትእዛዝ በመጻፍ ስለሆነ ለጀማሪ ያስፈራ ይሆናል። የምትነግሩት ግን ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ዲቢኤክሶቹ ያሉበትን ፎልደርና የወጡት ደብዳቤዎች የሚቀመጡበትን።

ወደ መሣሪያው ከመሄዳችሁ በፊት ግን ቅጂ ያዙ፤ በዚህ ነገር አልለዝብም። መጀመሪያ ፕሮግራሙን ዝጉ። ፋይሎቹ በተደበቀ ፎልደር ውስጥ ስለሆኑ እንዲሁ ብትፈልጓቸው አታገኟቸውም፤ ትክክለኛውን ቦታ ፕሮግራሙ ራሱ በምርጫዎቹ ውስጥ የጥገና ገጽ ላይ ያሳያችኋል። ፎልደሩን እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡና ሥራውን ሁሉ በቅጂው ላይ ሥሩ። ቅጂው ለብዙ ጊዜ ሲዲ ላይ የቆየ ከሆነ ፋይሎቹ «ለማንበብ ብቻ» የሚል ምልክት ይዘው ይመለሳሉ፤ ምልክቱን ካላነሳችሁለት አውትሉክ ኤክስፕረስ አይከፍታቸውም፤ ሰውም ተበላሽተዋል ብሎ ይጥላቸዋል። አንድ ነገር ልጨምር። ሰርቪስ ፓክ 2 የተባለው ማሻሻያ የተጫነበት ኤክስፒ ፋይሉን ከማጥበቁ በፊት የነበረውን ቅጂ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ያስቀምጣል። ስለዚህ ደብዳቤ የጠፋበት ሰው ሪሳይክል ቢኑን ባዶ ከማድረጉ በፊት ይመልከት፤ ያለ ምንም መሣሪያ ሁሉንም ሊያገኝ ይችላል።

የወጡትን ኢኤምኤሎች ዛሬ ወደሚሠራ ቤት ለማስገባት የተጠቀምኩት ተንደርበርድን ነው፤ እሱም ነጻ የኢሜይል ፕሮግራም ነው። ኢምፖርት ኤክስፖርት ቱልስ ኤንጂ የተባለ ተጨማሪ ሲጫንበት ሙሉውን ፎልደር ከነንዑስ ፎልደሮቹ በአንድ ጊዜ ያስገባል። አንድ በአንድ እየጎተተ የሚያስገባ ሰው ካያችሁ ይህን ንገሩት። ማስገባት ሳያስፈልገው የውስጡን ብቻ ማየት ለሚፈልግ ደግሞ የማይቴክ ሜይል ቪውወር ዲቢኤክሱን እንዳለ ከፍቶ ያሳያል፤ መጀመሪያ በዚህ አይቶ በኋላ በአንዲቢኤክስ ማውጣት ጥሩ ቅደም ተከተል ነው።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ፕሮግራሙ በሕይወት ሳለ ላገለገለን ለፖፕፋይል ነው። የጀመረው ጆን ግራሃም-ከሚንግ ነው። አይፈለጌ መልእክት ኢንቦክሱን በሚያጥለቀልቅበት ዘመን አውትሉክ ኤክስፕረስ የነበረው መከላከያ «ከዚህ ላኪ አትቀበል» ከማለት ብዙም አያልፍም ነበር፤ ላኪው ደግሞ በየቀኑ ስም ይቀይራል። ፖፕፋይል በፕሮግራሙና ደብዳቤውን በሚያደርሰው ማዕከላዊ ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ፣ መካከል ቆሞ እያንዳንዱን ደብዳቤ ያነባል፤ በውስጡ ያሉት ቃላት ከዚህ በፊት በየትኛው ዓይነት ደብዳቤ ውስጥ እንደሚበዙ ያሰላና ይመድበዋል። ስሌቱ በ1763 የታተመው የቶማስ ቤይዝ የሂሳብ ሐሳብ ነው። ሲሳሳት ታርሙታላችሁ፤ ከእርማቱም ይማራል። በግድ ሁለት ምድብ ብቻ አይደለም፤ የሥራ፣ የቤተሰብ፣ የማስታወቂያ እያላችሁ የፈለጋችሁትን ያህል መክፈት ትችላላችሁ።

በጣም የወደድኩት ግን ይህ ነው። የአውትሉክ ኤክስፕረስ ደንቦች፣ ማለትም ደብዳቤን በራሳቸው ወደየፎልደሩ የሚለዩት ትእዛዞች፣ በደብዳቤው የተደበቀ ራስጌ ላይ እንደ ልብ መፈለግ አይችሉም፤ ስለዚህ ፖፕፋይል ምልክቱን እዚያ ብቻ ቢያስቀምጥ ፕሮግራሙ አያየውም ነበር። ሠሪዎቹ ይህን ስላወቁ የምድቡን ስም በቅንፍ አድርገው ርዕሱ መጀመሪያ ላይ እንዲጽፍ አደረጉት። ርዕስ ደግሞ ማንኛውም ደንብ ያያል። የሰውን ፕሮግራም ድካም አውቆ፣ ሳይንቅ፣ በሚችለው መንገድ መርዳት ማለት ይህ ነው።

ኮትፊክስን የምታስታውሱ ደግሞ ምስጋናዬን እንደምትጋሩ አልጠራጠርም። አውትሉክ ኤክስፕረስ በሚመለስ ደብዳቤ ላይ የሌላውን ሰው መስመር በምልክት ያስቀድማል፤ ምልክቱ መስመሩን ሲያረዝመው ትርፉን ቆርጦ ወደ ታች ይጥለዋል። ደብዳቤው ሁለት ሦስት ጊዜ ከተመላለሰ አንዱ መስመር ረጅም፣ ቀጣዩ አንድ ቃል ብቻ፣ እንደገና ረጅም፣ እንደገና አንድ ቃል እየሆነ ማን ምን እንዳለ አይለይም ነበር። ኮትፊክስ ይህንን ሁሉ መስመር መልሶ ያስተካክላል፣ የእያንዳንዱን ተናጋሪ ቃል በተለያየ ቀለም ይለያል። ለብዙዎች ትንሽ ምቾት ነበር፤ በጽሑፍ ለሚከራከር ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው።

የይለፍ ቃሉን ረስቶ ፕሮግራሙ ብቻ ያስታወሰለት ሰው የኒርሶፍትን ሜይል ፓስቪው ይሞክር፤ በኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠውን የይለፍ ቃል ያሳያል። ጸረ ቫይረሶች ሊጮኹበት እንደሚችሉ ግን እወቁ፤ ለባለቤቱ የሚያሳየው ለሌባም ሊያሳይ ስለሚችል ነው። ከሠሪው ገጽ ብቻ አውርዱት፣ በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ተጠቀሙበት፣ ሥራው ሲያልቅ አጥፉት። ይህ የማውረዱ ምክር ለሁሉም መሣሪያ ይሠራል፤ የነጻ ፕሮግራምን ስም ይዘው ሌላ ነገር ጨምረው የሚያስወርዱ ገጾች ብዙ ናቸው።

አሮጌውን ፕሮግራም ዛሬም ደብዳቤ ለመላክ መጠቀም የሚፈልግ ይኖራል። ስተነል የተባለው ነጻ መሣሪያ ይህን ያስችላል፤ ፕሮግራሙ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ላለው ስተነል በግልጽ ይናገራል፣ ስተነል ደግሞ አዲሱ ሰርቨር በሚፈልገው ምስጠራ ሸፍኖ ያስተላልፋል። ኤክስፒ የሚያውቀው አሮጌው የምስጠራ ሥርዓት በ2021 በይፋ የተሻረ በመሆኑ ያለ እንዲህ ያለ ድልድይ ብዙ ሰርቨሮች በር አይከፍቱለትም። ሠሪዎቹን አከብራለሁ፤ ይሁን እንጂ ይህን መንገድ ለማንም አልመክርም። ኤክስፒ ከኤፕሪል 8 ቀን 2014 ጀምሮ መደበኛ የደህንነት ማሻሻያ ተቋርጦበታል፤ ድልድዩ መንገዱን ይጠብቅ ይሆናል እንጂ የሚመጣውን ደብዳቤ የሚከፍተውን ኮምፒውተር አይጠብቅም። አሮጌውን ከኢንተርኔት ነቅላችሁ ደብዳቤዎቹን አውጡ፣ አዲሱን በአዲሱ ጻፉ።

ብድራቱን እንዴት እንመልስ ለሚል፣ ከእነዚህ ሠሪዎች አንዳንዶቹ በገጻቸው ላይ የልገሳ ቦታ አላቸው። ገንዘብ መላክ ለማይችል ደግሞ አጭር ደብዳቤ ይበቃል፤ በምን ዓይነት ፋይል ላይ እንደሞከራችሁት፣ ምን እንደወጣና ምን እንዳልወጣ ብትጽፉላቸው ከውዳሴ ይልቅ የሚጠቅማቸው እሱ ነው። ለአንዲቢኤክስ ሠሪ እኔም ግራጫ ሆኖ ስለወጣው ፎቶግራፍ ሳይቀር ጽፌያለሁ።

እኔ የማውቀው በአውትሉክ ኤክስፕረስ ዙሪያ ያሉትን ብቻ ነው። እንደ ዩዶራ ወይም ፔጋሰስ ሜይል ባሉ ሌሎች የድሮ የኢሜይል ፕሮግራሞች ውስጥ የቀሩ ደብዳቤዎችን በነጻ መሣሪያ ያወጣችሁ ካላችሁ፣ የመሣሪያውን ስምና የሠራበትን የፕሮግራሙን ዕትም ጨምራችሁ ጠቁሙን፤ እነዚያንም ሠሪዎች በስማቸው ልናመሰግናቸው ይገባል።