ፕላስቲክ ወይስ ግንብ? ለመኖሪያ ቤት ሴፕቲክ ታንክ ስትመርጡ

ቤት የሚሠራ ዘመድ ሲደውልልኝ ጥያቄው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «ሴፍቲ ታንኩን ላስገንባ ወይስ ፕላስቲኩን ገዝቼ ልቅበር?» ይለኛል። እኔም መልሼ እጠይቀዋለሁ፤ አፈራችሁ ምን ዓይነት ነው? አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ዝም ይላል። ስለ ታንኩ ሁሉም አጠያይቋል፣ ስለ አፈሩ ግን ማንም አልነገረውም።

በደጃችሁ የፍሳሽ መስመር የሚያልፍ ከሆነ ይህ ንጽጽር አያስፈልጋችሁም። ከመስመሩ ጋር ተገናኙ፣ ከዚያ የሚሻል ታንክ የለም። ይህ የተጻፈው መስመሩ ገና ላልደረሰበት ሰፈር ነው።

ሴፕቲክ ታንክ ፍሳሽን አያጠፋም። ጠጣሩ ከታች ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ መሃል ያለው ውሃ ደግሞ ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ ያልፋል። ውሃውን በመጨረሻ የሚጠጣው አፈሩ ነው። አፈሩ ካልጠጣ የፈለጋችሁትን ታንክ ብትገዙ ይሞላል።

ስለዚህ መጀመሪያ አፈሩን ፈትኑ። ማስረጊያው በሚያርፍበት ጥልቀት 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ትንሽ ጉድጓድ አስቆፍሩ። ውሃ ሙሉበትና አፈሩ እስኪጠግብ ድረስ ይደር። ጠዋት 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ጨምሩ፣ ማስመሪያ አቁሙና ሰዓት ያዙ። ውሃው 2.5 ሳንቲ ሜትር ለመውረድ ከአንድ ሰዓት በላይ ከፈጀ ያ ቦታ ለማስረጊያ አይሆንም።

ማሳደሩን አትዝለሉት። ጥቁር አፈር በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። መጋቢት ላይ ውሃ ስታፈሱበት በስንጥቁ ሽው ብሎ ይጠፋል። ቆፋሪውም «አየህ እንዴት እንደሚጠጣ!» ይላል። ሐምሌ ላይ ግን ያው አፈር ያብጥና ስንጥቁ ይዘጋል፣ ጠብታም አያሳልፍም። ቦሌን፣ ለቡንና አቃቂን በመሳሰሉ ሰፈሮች ጥቁር አፈር ላይ የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። ወደ እንጦጦ ግርጌ ያለው ቀይ አፈር በዚህ በኩል ብዙ ጊዜ ይሻላል። ቢሆንም እሱም ይፈተን።

አሁን ወደ ምርጫዎቹ።

ተራ ጉድጓድ

ቆፍሮ፣ በደረቅ ድንጋይ ደግፎ ሁሉንም እዚያው መልቀቅ ማለት ነው። ሲሠራ ርካሹ ይሄ ነው። ውሃ ለሚለቀቅበት ሽንት ቤት ግን አልመክረውም። ጠጣሩ ከውሃው ሳይለይ ስለሚገባ የጉድጓዱን ግድግዳ ይደፍነዋል። ከዚያ ማስመጠጥ ብቻ ይሆናል ሥራችሁ። በአካባቢው የጉድጓድ ውሃ የሚጠጣ ጎረቤት ካለ ደግሞ ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም፣ የሰው ጤና ነው። ማስረጊያ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ።

ግንብ ወይም ኮንክሪት

ብዙዎቻችን የምናውቀው ይሄን ነው። ትልቁ ጥቅሙ ክብደቱ ነው፣ ከመሬት አይነሣም። በፈለጋችሁት መጠንና ቅርጽ ይሠራል። ሶሌታው (የላይኛው የኮንክሪት ክዳን) በበቂ ፌሮ ከተሠራ መኪና ከላዩ ይቆማል። ግቢያቸው ጠባብ ሆኖ ታንኩ የግድ መኪና ማቆሚያው ሥር ለሚውልባቸው ሰዎች ይሄ ወሳኝ ነው።

ድክመቱም አለው። ጥራቱ ሙሉ በሙሉ በግንበኛው እጅ ነው። ክፍት ቀዳዳ ባለው ብሎኬት የተገነባ ታንክ በየመጋጠሚያው ያንጠባጥባል። የአርማታ ግድግዳ ቢሆን ይመረጣል፤ ካልሆነም የድንጋይ ግንብ ሆኖ ከውስጥ በደንብ ይለሰን። ልስኑ ከደረቀ በኋላ ውሃ አስሞሉና ልኩን ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉ። 24 ሰዓት ቆይታችሁ እዩት። ወርዶ ካገኛችሁት ክፍያውን ሳትጨርሱ ይታረም። ጥቁር አፈር ላይ ከሆነ ደግሞ ቁፋሮው ሰፋ ይበልና ዙሪያው በገረጋንቲ ይሞላ፤ ያበጠ አፈር በቀጥታ ከገፋው ግድግዳው ይሰነጠቃል።

ውስጡ ለሁለት ይከፈል። የመጀመሪያው ክፍል የርዝመቱን ሁለት ሦስተኛ ይያዝ። መግቢያና መውጫው ላይ ቲ (በT ቅርጽ የተሠራ የቱቦ መጋጠሚያ) ይግባ፣ መውጫው ከመግቢያው ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ግንበኞች ቲውን ትተው ቱቦውን እንዲሁ አስገብተው ያልፋሉ። ያቺ ትንሽ ዕቃ ከሌለች ከላይ የተንሳፈፈው ቅባት በቀጥታ ወደ ማስረጊያው ይሄዳል፤ ማስረጊያውም ይደፈናል።

ፕላስቲክ ወይም ፋይበር ግላስ

ፍጥነቱ ደስ ይላል። ጉድጓዱ ከተዘጋጀ በአንድ ሁለት ቀን ያልቃል። ከፋብሪካ ሲወጣ ውሃ የማያሳልፍ ሆኖ ስለሚመጣ የግንበኛ ጭንቀት የለበትም። ማስረጊያው ግን ለእሱም ያስፈልገዋል።

አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። ጣሪያ ላይ የምናወጣውን የውሃ ሮቶ አትቅበሩ። ሮቶ የተሠራው ከውስጥ የሚገፋውን ውሃ እንዲችል ነው፣ ከውጭ የሚጫነውን አፈር አይደለም። ታንኩ በተመጠጠ ቀን እንደ ጆንያ ሊጨማደድ ይችላል። ስትገዙ ለመቀበር የተሠራ መሆኑን ጠይቁ፤ ግድግዳው ወፍራምና ጎድን ጎድን ያለው ነው።

ሁለተኛው አደጋ መንሳፈፍ ነው። በአንድ ነሐሴ ጎረቤታችን ፕላስቲክ ታንኩን አስመጥጦ ባዶውን ተወው። ሌሊቱን ዘነበ። ጠዋት የታንኩ አናት ከሣሩ በላይ ክንድ ያህል ወጥቶ ነበር፤ ቱቦውም ከመጋጠሚያው ተነቅሏል። ነገሩ ቀላል ነው። 3,000 ሊትር የሚይዝ ባዶ ታንክ ዙሪያውን ውሃ ሲከበው ውሃው ወደ 3 ቶን በሚጠጋ ጉልበት ወደ ላይ ይገፋዋል። ታንኩን ግን አራት አምስት ሰው ያነሣዋል። ስለዚህ ከሥሩ ኮንክሪት ይነጠፍ፣ ታንኩም በቀበቶ ከኮንክሪቱ ጋር ይታሰር። ዙሪያው ሲሞላ በአሸዋ ወይም በደቃቅ ጠጠር ይሁን፣ ከውስጥም እኩል እኩል ውሃ ይጨመር። በክረምት ካስመጠጣችሁ ወዲያው ውሃ መልሱበት። መኪና ከላዩ አይለፍ።

ታዲያ የቱ?

አፈሩ የሚጠጣ፣ የከርሰ ምድር ውሃው የራቀ፣ ግቢውም መኪና የማይደርስበት ጥግ ያለው ከሆነ ለመቀበር የተሠራውን ፕላስቲክ እመርጣለሁ። በእኛ አገር ሥራ ላይ ግንበኛውን ሙሉ ቀን ቆሞ የሚቆጣጠር ባለቤት ጥቂት ነው፤ ፕላስቲኩ ቢያንስ ከስርቆሽ ልስን ያድናችኋል። ውሃ የሚተኛበት ወይም መኪና የሚቆምበት ቦታ ከሆነ ኮንክሪት፣ ያለ ጥርጥር። ዋጋውን በብር አልጽፍም፣ ሲሚንቶና ፌሮ ዛሬና ነገ አንድ አይደሉም። ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ውስጥ አስተምኑ፤ በፕላስቲኩ ላይ ቁፋሮውን፣ ኮንክሪቱንና አሸዋውን ሳትደምሩ አታወዳድሩ።

መጠኑን ለማሰብ፣ ስድስት ሰው እያንዳንዱ በቀን 100 ሊትር ቢጠቀም የአንድ ቀን ውሃ 600 ሊትር ነው። የሚዘቅጠው በሰው በዓመት 40 ሊትር ቢታሰብ በሦስት ዓመት 720 ሊትር ይሆናል። ከእንግዳውና ከድግሱ ጋር 3,000 ሊትር ብትይዙ አትጸጸቱም።

አፈሩ ፈጽሞ ካልጠጣስ? ያኔ የምትሠሩት ማጠራቀሚያ ነው። አምስት ሰው እያንዳንዱ በቀን 80 ሊትር ቢጠቀም 10 ሜትር ኩብ የሚይዝ ጉድጓድ በ25 ቀን ይሞላል። በየ25 ቀኑ መጣጭ መኪና መጥራት ማለት ነው። ይህን ስሌት መሬቱን ሳትገዙ በፊት ሥሩት። ከገዛችሁ በኋላ ከሆነ ደግሞ የሻወርና የልብስ ውሃውን ለይታችሁ ለአትክልት አውሉት፤ ቀኑን በብዙ ያራዝምላችኋል።

ጥገናው ላይ ሁለቱ ታንኮች ብዙም አይለያዩም። ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ይመጠጡ። ረጅም እንጨት ላይ ነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ እስከ ታች አስገቡ፤ ጨርቁ የጠቆረበት ልክ የዝቃጩ ልክ ነው። ዝቃጩና ከላይ ያለው ቅባት ተደምሮ ከጥልቀቱ አንድ ሦስተኛ ከደረሰ መጣጭ መኪና ጥሩ። ዳይፐር፣ ሞዴስ፣ የተቃጠለ ዘይት፣ የቡናም የጠላም አተላ አይግባበት። በረኪና በጀሪካን የሚያፈስ ቤት ታንኩ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይገድላል። ማስመጠጥን ያስቀራል የሚባለውን ዱቄት ግን አትግዙ፣ ዝቃጭ የሚወጣው በመምጠጥ ነው።

ማንም ሰው፣ ለአንዲት ደቂቃም ቢሆን፣ ታንኩ ውስጥ አይግባ። የወደቀ ስልክ ለማውጣትም፣ የወደቀ ሰው ለማውጣትም ቢሆን። እዚያ የሚጠራቀመው ጋዝ መጀመሪያ የማሽተት ስሜትን ይወስዳል፣ ቀጥሎ ሰውየውን። ሊያድን የገባው ሁለተኛው ሰውም አብሮ ይቀራል። ክዳኑ ሕፃን የማያነሣው ይሁን።

የእኛን ቤት የሠራው ሰው የታንኩን አፍ ሴራሚክ አልብሶበት ሄደ። በስድስተኛው ዓመት መኪናው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀን እኛ ግቢውን በመዶሻ እየሰባበርን አፉን ፈለግን። ሦስተኛው ቦታ ላይ ተገኘ። እናንተ ከመሸፈኑ በፊት ፎቶ አንሡት፣ ከቤቱ ሁለት ማዕዘን እስከ ክዳኑ ያለውን በሜትር ለኩ፣ ቁጥሩንም ከካርታው ጋር አስቀምጡት።