አሮጌዋ ሂሉክስ ከ14 ወራት በኋላ፦ የጨመርኩላት ትንሽ፣ የመለስኩላት ብዙ

መኪናዋን የገዛሁት መስከረም 2017 ላይ ነው፤ ቶዮታ ሂሉክስ፣ ባለ ሁለት ጋቢና፣ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1994 ሞዴል፣ ኤል ኤን 106 የሚባለው ዓይነት። ሞተሯ 3ኤል ነው፦ 2.8 ሊትር፣ ናፍጣ፣ ቱርቦ የለሽ። ሥራዋ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ማሾ ጭኖ ወደ ደብረ ብርሃን መውጣት፣ ድንችና ገብስ ይዞ መውረድ፣ አንዳንዴም ጣርማ በር ላይ ታጥፎ ወደ መሐል ሜዳ መዝለቅ ነው።

ሰው ሁሉ «በዚህ ገንዘብ የተሻለ አታገኝም ነበር?» ይለኛል። የተሻለው የት አለ? በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ሰማይ ሰቀላቸው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመለዋወጫ ሻጮች የዋጋ ወረቀታቸውን በአንድ ሳምንት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደቀየሩ የገዛ ሰው ያውቀዋል። ሠላሳ ዓመት የሞላት ፒክአፕ ዛሬ እርጅናዋን ተሸክማ ዋጋዋ ይወጣል እንጂ አይወርድም።

በእጄ መሥራት የጀመርኩት ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም። መንገዱ ሲዘጋ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወርዶ ዕቃ መምረጥ አይታሰብም፤ እዚህ ያለው ጋራዥ ደግሞ ወረፋው ረዥም ነው። ስለዚህ አንድ የመፍቻ ስብስብ፣ ደህና ክሪክ፣ ሁለት የብረት መደገፊያ፣ የኤሌክትሪክ መለኪያና ፎቶ ኮፒ የተደረገ የጥገና መመሪያ ገዛሁ። መጀመሪያ ያሰብኩት ላሻሽላት ነበር። ኮፈኑን ከፍቼ ከመመሪያው ጋር ሳነጻጽር ግን ነገሩ ተገላበጠብኝ። እያንዳንዱ ባለቤት አንድ ነገር ነቅሎ፣ አንድ ነገር በሽቦ አስሮ፣ አንድ ነገር «አያስፈልግም» ብሎ ሄዷል። ሥራዬ የሄደውን ፍለጋ ሆነ።

የመጀመሪያው የጠፋ ዕቃ ቴርሞስታት፣ የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው ትንሽ በር፣ ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ የሙቀት ጠቋሚው ከታችኛው ጭረት አይነሳም፤ ጋቢና ውስጥ ያለው ማሞቂያ ቀዝቃዛ አየር ይነፋል፤ ጠዋት ነጭ ጭስ ግቢውን ይሞላዋል። ከሸዋ ሮቢት ጭኜ ሽቅብ ስመጣ ደግሞ ያው ጠቋሚ ደብረ ሲና ሳልደርስ ወደ ቀዩ ይሮጣል። አንድ መኪና እንዴት ከመጠን በላይ ይቀዘቅዛልም ይሞቃልም? መጀመሪያ ያየልኝ መካኒክ «ራዲያተሩ ነው» ብሎ አሳጠበኝ። ለውጥ አልነበረም። ቴርሞስታቱ የሚቀመጥበትን ክዳን ራሴ ስፈታው ውስጡ ባዶ ነው! ለቀድሞው ባለቤት ስደውልላቸው «እሱንማ እኔ ከመግዛቴ በፊትም አልነበረውም» አሉኝ፤ ድምፃቸው ላይ ምንም ጸጸት አልነበረም።

ቴርሞስታትን ነቅሎ መጣል በአገራችን ጋራዦች የተለመደ ሕክምና ነው። መኪና ሞቀ ሲባል መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። ግን ይህች ትንሽ ዕቃ ሁለት ሥራ አላት፦ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ መዝጋት፣ ሲሞቅ ደግሞ ከፍታ ሁሉም ውሃ በራዲያተሩ በኩል እንዲያልፍ ማድረግ። ብዙዎቹ ቴርሞስታቶች ከታች ሌላ ትንሽ ክዳን አላቸው፤ ዋናው በር ሲከፈት እሱ አቋራጩን መንገድ ይዘጋል። ዕቃው ከሌለ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ከውሃው ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል። ደጋ ላይ የሚያበርዳትና ሽቅብ ላይ የሚያፈላት አንድ ጉድለት ነበር።

ሁለተኛው ጉድለት የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ይህንን ሰው ስለሚንቀው ትንሽ ልቆይበት። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን ወደ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሽሮ ለመሥራት ለምን ጊዜ እንደሚወስድ እናቶቻችን ያውቁታል። የገዛሁት ቴርሞስታት የሚከፈተው በ82 ዲግሪ ነው። በመካከሉ የቀረው ስምንት ዲግሪ ብቻ መሆኑ ነው! ውሃው እንዳይፈላ የሚጠብቀው ክዳኑ ላይ 0.9 ተብሎ የተጻፈው ግፊት ነው፤ ያ ግፊት ካለ መፍያው ከ110 ዲግሪ በላይ ይሄዳል። የእኔው ክዳን ጎማው ደርቆ እንደ ቆሎ ይሰባበር ነበር፤ ማለትም እንደ ድስት ክዳን ከላይ ከመቀመጥ በቀር ምንም አይሠራም። አዲሱ ክዳን ከአንድ የመንዝ ጠቦት ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው። የዚህ ሞተር ቴስታታ (ከሲሊንደሮቹ በላይ ያለው ክዳን) ሲሞቅ የመሰንጠቅ አመል እንዳለው ለሚያውቅ ሰው ከዚህ የረከሰ መድን የለም።

ሥራው ግን ቀላል ነበር አልልም። የቴርሞስታቱን ክዳን የያዘው አንዱ ቡሎን ዝጎ ስለነበር በጉልበት ስጠመዝዘው ተሰበረ። ዝገት ማላቀቂያ ቀብቼ ሌሊቱን ማሳደር እንዳለብኝ መመሪያው ላይ አልተጻፈም፤ አንድ ቅዳሜና የቶርኖ ቤት ክፍያ አስተማረኝ። ከራዲያተሩ የወጣው ውሃ የጠላ ድፍድፍ ይመስል ነበር። ጠርቶ እስኪወጣ አጠብኩትና ከዚያ ወዲህ የምንጭ ውሃ አይገባባትም፤ ለራዲያተር የተዘጋጀውን ፈሳሽ ከተጣራ ውሃ ጋር አደባልቄ እሞላለሁ። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ በሚያድርበት አገር ይህ ቅንጦት አይደለም።

ውርጭ ካነሳሁ፣ ጠዋት ሞተሩን ለማስነሳት የሚያሞቁት ካንዴሌታዎች ከአራቱ ሁለቱ ሞተው ነበር። መፈተሻው ቀላል ነው፦ አራቱን የሚያገናኘውን ብረት ፈትቶ፣ ትንሽ አምፖል ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ እያንዳንዱ ካንዴሌታ ጫፍ ማገናኘት፤ ካልበራ ተቃጥሏል። የሞቱበት ምክንያት ከመሪው ሥር ተገኘ። አንድ ኤሌትሪሺያን ዋናውን ሰዓት ጠባቂ ዘሎ በእጅ የሚጫኑት ቁልፍ ገጥሞላታል። ሰው በብርድ ሲቸኩል ጣቱን አያነሳም፤ ካንዴሌታው ይቃጠላል። ሽቦውን ወደ ነበረበት መለስኩ፣ በላያቸው የተጻፈውን ቮልት አይቼ አራቱንም ተካሁ። አሁን ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው መብራት እስክትጠፋ እጠብቃለሁ፤ በመጀመሪያው ትነሳለች።

ፍሬኑ ላይ ስደርስ ግን ሳቄ ጠፋ። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥታችሁ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል የሄዳችሁ መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ተነስታችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ወደ 1,300 ወርዳችኋል። (ዋሻውን የፈለፈሉት ጣሊያኖች ናቸው፤ ፍሪሲዮን፣ ባልቦላና ካቻቢቴ የሚሉትን ቃላትም ያወረሱን እነሱው ናቸው።) ድንች ጭኜ ስወርድ የፊት ጎማዎቹ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ይሸቱ ነበር። የኋላዎቹን ስነካቸው ቀዝቃዛ ናቸው። ከኋላ አክስል ወደ ሻንሲ የሚወጣ ዘንግ አለ፤ መኪናዋ ስትጫን ሰውነቷ ዝቅ ይላል፣ ዘንጉ አንድ ቫልቭ ይገፋል፣ ለኋላ ፍሬን የሚሄደው ግፊት ይጨምራል። የቀድሞው ባለቤት ብዙ ለመጫን ሁለት ተጨማሪ ባሌስትራ (ጭነት የሚሸከም የብረት ስፕሪንግ) አስገብተዋል። ሰውነቷ በጭነት አይወርድም፤ ቫልቩ መኪናዋ ባዶ ናት ብሎ ያምናል። ዘንጉም በሽቦ ታስሯል። እንግዲህ 30 ዓመት የቆየች መኪና በፊት ፍሬን ብቻ ያንን ቁልቁለት ስትወርድ ኖራለች።

ባሌስትራዎቹን አስወጣሁ። አዎ፣ አሁን የምጭነው በጥቂት ኩንታል ይቀንሳል፤ የሚከራከረኝ ካለ ከእኔ ጋር ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ይውረድ። ዘንጉን በመመሪያው ልክ መለስኩ፣ የኋላውን ሸራ ቀየርኩ፣ ታምቡሩን ቶርኖ ቤት አስላጥኩ። አየር ማስወጣቱን ከባለቤቴ ጋር ሠራነው። እሷ መሪው ላይ፣ እኔ ከሥር። «ርገጪ!» «ረገጥኩ!» «ያዢ!» «ያዝኩ!» «ልቀቂ እስካልልሽ እንዳትለቂ!» ከሁሉ የራቀው ጎማ መጀመሪያ፣ መጨረሻ ላይ የቫልቩ። ጎረቤቶቻችን የተጣላን መስሏቸው አንድ አዛውንት በአጥር ብቅ ብለው «ምነው ልጆቼ፣ ሰላም አይደላችሁም?» አሉን። ባለቤቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍሬኑን የሠራሁት እኔ ነኝ ትላለች፤ ግማሽ እውነት ነው። የፍሬን ሥራ ላይ የምጨምረው አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው፦ በክሪክ ብቻ ተደግፋ የቆመች መኪና ሥር አትግቡ። የእኔ ክሪክ አንድ ጊዜ ሸርተት ብሏል፤ መደገፊያው ባይኖር ይህን አልጽፍም ነበር።

በእውነት የጨመርኩት ዕቃ የመብራት ሪሌ (በትንሽ ኃይል ታዝዞ ትልቁን ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ነው። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ከኮፈኑ ወዲያ አይታይም። የድሮው ሽቦ የመብራቱን ኃይል በሙሉ በመሪው ሥር ባለው ማብሪያ በኩል ያዞረዋል፤ ስለካው አምፖሉ ጋ የሚደርሰው 10.8 ቮልት ብቻ ነበር። ሁለት ሪሌና ወፈር ያለ ሽቦ ቀጥታ ከባትሪ ከፊዩዝ ጋር ሳስገባ 12.3 ደረሰ፤ ያው አሮጌ አምፖል ሌላ ሆነ። ከዚያ በፊት ግን ሞኝነት ሠርቻለሁ፦ ነጭ የኤል ኢ ዲ አምፖል ገዝቼ አሮጌው መብራት ውስጥ ከትቼ ነበር። ሜዳ ላይ ያበራል፣ ጉም ውስጥ ግን ብርሃኑ ተበትኖ ነጭ ግድግዳ ይሆንብሃል፤ ከፊት የሚመጣውም ሰው ይሳደባል። አሁን መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል፤ የሚፈልግ ካለ አልመክረውም።

ያልነካኋቸው አሉ። የናፍጣ ፖምፓውን ለባለሙያ ሰጠሁ። አንድ ሰው «ጉልበት ትጨምራለች» ብሎ የናፍጣ መጠኑን ብሎን ከፍ አድርጎት ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠለሉ ከሩብ በላይ የሳሳ ነው፤ ለሚቃጠለው ናፍጣ አየር ሲያጥረው ጥቁር ጭስና ሙቀት ይሆናል እንጂ ጉልበት አይሆንም። ባለሙያው ዝቅ አደረገልኝ። ሽቅብ ላይ ጥቂት ደከም ብላለች፣ ግን ከኋላዬ የሚመጣው ሰው ሰማይ ያያል። የታይሚንግ ቺንጋውንም (የሞተሩን ክፍሎች በጊዜ የሚያስማማውን ቀበቶ) አስቀየርኩ። ዳሽቦርዱ ላይ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ «ቺንጋ ቀይር» ብላ የምትበራ መብራት አለች። አምፖሏን ነቅለውታል! የሚያስጠነቅቀውን አፉን መያዝ ማለት ይህ ነው። ቺንጋው ቢበጠስ ፒስተኖቹ ከባልቦላዎቹ ጋር ይጋጫሉ፣ ቴስታታው ያበቃለታል። ሲፈታ ጥርሱ መሰነጣጠቅ ጀምሮ ነበር። አምፖሏንም መለስኳት።

ስለ ሌላው በአጭሩ፦ ወንበሮቹ ተቀድደዋል፣ እንደዚያው ናቸው። የወለሉን ዝገት ባትላሜራ ሠራው። ናፍጣ በበርሜል የምትገዙ ከሆነ የፊልትሮውን ውሃ በየሳምንቱ አፍስሱ፤ እኔ አንድ ጊዜ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ አግኝቻለሁ። ፍጆታዋ በባዶ ለ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር፣ በጭነት ሽቅብ እስከ 13 ነው፤ ቴርሞስታቱ ከመመለሱ በፊት በባዶም 12 ትጠጣ ነበር።

ለማን ትሆናለች? ዕቃ ጭኖ አስቸጋሪ መንገድ ለሚሄድና እጁን በግራሶ ለማበላሸት ለማያፍር ሰው። ፍጥነት ለሚወድ አትሆንም። ጠዋት ቁልፍ አዙሮ ስለ መኪና ጨርሶ ማሰብ ለማይፈልግ ሰው ደግሞ ፈጽሞ አትሆንም።

አሁን የፊት ቀኝ ጎማዋ ከውስጥ በኩል ጥቁር ቅባት ታንጠባጥባለች። የአክስሉ የዘይት ማገጃ ጎማ አርጅቶ የዲፍረንሻሉ ዘይት ከመገጣጠሚያው ግራሶ ጋር ተቀላቅሏል፤ የዚህ ዓይነት ድፍን የፊት አክስል ያላቸው ቶዮታዎች የታወቀ ሕመም ነው። ማገጃው ከሶማሌ ተራ መጥቶ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። የፊታችን እሁድ ማኅበር ስላለብን ለሚቀጥለው ቅዳሜ አሳድሬዋለሁ፤ ባለቤቴ ደግሞ በዚህኛው ሥራ የምረግጠው ነገር እንደሌለ አስቀድመህ አረጋግጥልኝ ብላለች።