«ደረሰኝዎን ያሳዩኝ»፦ እርጥበት ማስወገጃ ማሽን ልትገዙ ላሰባችሁ

ይህን የምጽፈው ከሱቁ ተዋርጄ ከወጣሁ ሦስት ሰዓት እንኳ ሳይሞላኝ ስለሆነ፣ ንዴቴ በጽሑፉ ላይ ቢታይ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ወይን ጠጅ በቤታችሁ የምታስቀምጡ ሁሉ የአዲስ አበባን ክረምት ታውቁታላችሁ። ግማሹ ከመሬት በታች የሆነው ዕቃ ቤቴ ቅዝቃዜው ለወይን የተመቸ ቢሆንም፣ እርጥበቱ ከ50 እስከ 70 በመቶ መሆን ሲገባው ከሰኔ ወዲህ 84 ገብቷል። ለልጄ ሰርግ እያልኩ ካጠራቀምኳቸው ስልሳ ያህል ጠርሙሶች የብዙዎቹ ቡሽ ነጭ ሻጋታ አወጣ፤ ከዝዋይ በመጡት ላይ የተለጠፈው ወረቀትም በጣት ሲነኩት ይንሸራተት ጀመር።

እርጥበት ማስወገጃ ማሽን ልገዛ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩን መግለጽ አያስፈልገኝም። «ጋሼ» እያለ ወንበር የሚያቀርበውን፣ ማኪያቶ የሚያዝዘውን፣ ዋጋ ላይ ሲደረስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያለ ደረሰኝ ከሆነ ላስተካክልልዎት» የሚለውን ልጅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ማሽኑ በቀን 20 ሊትር ውሃ ይስባል አለኝ። ሲሰካውም በስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር በአሥር ደቂቃ ከ68 ወደ 55 ሲወርድ በዓይኔ አየሁ። (አየር ሲሞቅ አንዲት ጠብታ ውሃ ሳይቀንስ አንጻራዊ እርጥበቱ (ያ በመቶኛ የሚነበበው ቁጥር) እንደሚወርድ ተምሬ ነበር፤ ማሽኑ የሚለካው ራሱ ያሞቀውን አየር መሆኑን ግን ማን ያስብ!) በደረሰኝ 20,700፣ ያለ ደረሰኝ 18,000 ብር ነው ተባልኩ። 2,700 ብር ያተረፍኩ መስሎኝ ቆጥሬ ከፈልኩና ዕቃውን በአንድ እጄ አንጠልጥዬ ወጣሁ። በቀን 20 ሊትር የሚስብ ማሽን እንደ ፍሪጅ ኮምፕረሰር፣ ማለትም ጋዝ የሚጨምቅ ከባድ ሞተር፣ አለው፤ እንዲህ ያለው በአንድ እጅ እንደማይንጠለጠል ፍሪጅ ገፍቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይረዳዋል፤ እኔ ብቻ አልገባኝም።

ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ሠርቶ ያጠራቀመው ውሃ ሦስት የቡና ሲኒ አይሞላም። በአራተኛው ቀን፣ ሱቁ ከጀርባው «የአንድ ዓመት ዋስትና» ብሎ የለጠፈው ወረቀት በዚያው እርጥበት ጠርዙ ተነሣ። ስልጠው ከሥሩ የፋብሪካው ጽሑፍ ብቅ አለ፤ በቀን 600 ሚሊ ሊትር፣ ያውም በ30 ዲግሪ ሙቀትና በ80 በመቶ እርጥበት። የእኔ ዕቃ ቤት ደግሞ 16 ዲግሪ ነው።

ዛሬ ጠዋት ይዤው ሄድኩ። ያው ልጅ ነበር። ሰላም ስለው ቀና ሳይል፣ ስልኩን እየነካካ፣ «ደረሰኝዎን ያሳዩኝ» አለኝ። «አንተው አይደለህም እንዴ ያለ ደረሰኝ ላስተካክልልዎት ያልከኝ?» ስለው ያን ጊዜ ቀና አለ፤ ጋሼነቴም ቀረና «አባባ፣ ይህ ዕቃ ከእኛ ለመገዛቱ ምን ማስረጃ አለዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። የዋስትናውን ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ማኅተም የለውም፣ የሱቁም ስም አልተጻፈበትም፤ እኔም ይህን ያስተዋልኩት ገና እዚያው፣ ከእሱ ጋር እኩል ነው። ሒሳብ የምትቀበለው ልጅ «ወይኑን ጠጥተው ቢጨርሱት አይቀልዎትም ነበር?» ብላ ሳቀች። ዞር ስል፣ እኔ ማኪያቶ በጠጣሁበት ወንበር ላይ አንድ ሌላ ጎልማሳ ተቀምጦ ማኪያቶውን ያማስላል፤ ፊት ለፊቱ ተመሳሳይ ማሽን ተሰክቶ ቁጥሩ 61 ደርሷል። ለሰውዬው አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ወጣሁ፤ ከ18,000ው ብር ይልቅ አሁን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

የምትገዙ ካላችሁ በደረሰኝ ግዙ፤ ዕቃውን አንሥታችሁ ክብደቱን ሞክሩ፤ የሚስበው ውሃ በስንት ዲግሪ እንደተለካ ከፋብሪካው ጽሑፍ ላይ አንብቡ። በቀዝቃዛ ክፍል ኮምፕረሰር ያለውም ቢሆን በረዶ ሊይዝ ስለሚችል፣ በረዶውን በራሱ የሚያቀልጥ መሆኑን ጠይቁ። እኔ ለጊዜው ጠርሙሶቹን ወደ ሳሎን አውጥቼ ቡሻቸውን በደረቅ ጨርቅ እየወለወልኩ ነው፤ አርባ ያህል ይቀሩኛል።